የቴነሲ ሸለቆ፦ ውሃው የወሰደው መሬትና ያመጣው መብራት

በ1930ዎቹ አሜሪካን ያናወጠው ታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት በታሪክ መጻሕፍት የሚወሳው አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ገጽታው ነው፤ በዳቦ ሰልፉ፣ በተዘጉት ባንኮች፣ ጭሳቸው በተቋረጠው ፋብሪካዎች። ድቀቱን ለመመከት የተወሰደው እርምጃ ግን ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታይ ምልክት የተወው በገጠር ነው። በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት የተነደፉት የሕዝብ ሥራ ፕሮግራሞች ወንዝ ገድበዋል፣ የተራቆተ ኮረብታ ደን አልብሰዋል፣ መንገድ ዘርግተዋል፤ ከዚያም ጋር መንደሮችን ከካርታ ፍቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምሻው ከእነዚህ ሁሉ ስፋት የነበረውን፣ በቴነሲ ሸለቆ የተፈጸመውን ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። «የተቀናጀ የተፋሰስ ልማት» የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ሸለቆ ተነሥቶ ሕንድና ኢራን ደርሷል፤ በመጨረሻም ወደ አዋሽ ዳርቻ ወርዷል። ስለዚህ የሸለቆው ታሪክ በከፊል የእኛም ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

የቴነሲ ወንዝ ከኖክስቪል ከተማ አጠገብ ሁለት ገባር ወንዞች ከሚገናኙበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርድና ሰሜን አላባማን ያቋርጣል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሜን ታጥፎ በኬንተኪ ግዛት፣ ፓዱካ ከተማ አጠገብ ከኦሃዮ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ርዝመቱ 1,050 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተፋሰሱ ሰባት ግዛቶችን የሚነካ ሲሆን ስፋቱ ወደ 106,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ1933 ይህ አገር ከአሜሪካ ድሃ አካባቢዎች አንዱ ነበር። ዳገቱ ሁሉ እስከ አናቱ ድረስ ይታረስ ነበር፤ በቆሎ፣ ጥጥና ትምባሆ በየዓመቱ በአንድ ማሳ ላይ ሲመላለሱበት አፈሩ ደክሞ በጎርፍ ተቦርቡሯል። የወሎንና የትግራይን ገመገም ያየ ሰው የዚያን ዘመን የቴነሲ ፎቶግራፎች ሲመለከት ባዳ አይሆኑበትም። በአንዳንድ ቀበሌዎች ከሕዝቡ ሲሶው ያህል በወባ ይታመም ነበር። ከሸለቆው እርሻዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት የነበራቸው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ድቀቱ ሌላ ሸክም ጨመረ፤ ቀድሞ ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች የፈለሱት ልጆች ሥራ ሲያጡ ወደ አባቶቻቸው እርሻ ተመለሱ፤ ለአንድ ቤተሰብ ያልበቃው መሬት ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ይመግብ ዘንድ ተገደደ።

የፕሮግራሙ መነሻ ግን ድህነቱ አልነበረም፤ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ነው። መንግሥት በ1916 በወጣ የመከላከያ ሕግ መሠረት ለፈንጂ የሚሆን ናይትሬት ለማምረት በአላባማ ማስል ሾልስ ከሚባለው ፏፏቴያማ ስፍራ ፋብሪካና ግድብ መሥራት ጀመረ። ጦርነቱ ግን ግድቡ ሳያልቅ አበቃ። ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመታት ያህል የአሜሪካ ምክር ቤት «ይህን ንብረት ምን እናድርገው?» እያለ ተከራከረ። ሄንሪ ፎርድ በ1921 ንብረቱን በ5 ሚሊዮን ዶላር ለመውሰድ ሐሳብ አቀረበ፤ ይህ ለግንባታው ከወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ዋጋ ነው። የፎርድን ሐሳብ የተቃወሙትና ወንዙ የሕዝብ ሀብት ሆኖ እንዲለማ የታገሉት የኔብራስካው ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ ነበሩ። በእርሳቸው አነሣሽነት የወጡት ሁለት ሕጎች፣ አንዱ በ1928 በፕሬዚዳንት ኩሊጅ፣ ሌላው በ1931 በፕሬዚዳንት ሁቨር፣ ሳይጸድቁ ቀሩ። ሐሳቡን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ሕይወት የሰጠው ድቀቱ ነው። ከሠራተኛው ሕዝብ አንድ አራተኛው ያህል ሥራ ፈት በሆነበት ወቅት ሩዝቬልት ግንቦት 18 ቀን 1933 ፊርማቸውን አኖሩ፤ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ባለሥልጣኑን እንዲመሩ ሦስት ሰዎች ተሾሙ። ሊቀ መንበሩ አርተር ሞርጋን መሐንዲስ ነበሩ፤ ከግድቡ ባሻገር አዲስ የመንደር ኑሮና አዲስ የሰው ምግባር ለመቅረጽ ያልሙ ነበር። ሃርኮርት ሞርጋን (የስም እንጂ የሥጋ ዝምድና አልነበራቸውም) የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩ የእርሻ ሊቅ ናቸው። ሦስተኛው ዴቪድ ሊሊየንታል ገና የ33 ዓመት ጠበቃ ነበር፤ ዓላማው ርካሽ ኤሌክትሪክ ለሕዝብ ማዳረስና የግል ኩባንያዎችን ሞኖፖል መስበር ነበር። የሦስቱ አለመስማማት ውሎ አድሮ አደባባይ ወጣ፤ በመጋቢት 1938 ሩዝቬልት አርተር ሞርጋንን ከሥልጣን አነሡ። ዝርዝሩን ለሌላ ጊዜ እንተወውና ወደ መሬቱ እንመለስ።

የመጀመሪያው ግድብ በክሊንች ወንዝ ላይ የተሠራውና በሴናተሩ ስም የተሰየመው የኖሪስ ግድብ ነው። ሥራው በጥቅምት 1933 ተጀምሮ በ1936 ተፈጸመ። ከፍታው 81 ሜትር ነው። ለሥራ የሚቀጠረው ሰው በፈተና ይመረጥ ነበር፤ በፖለቲካ ወገንተኝነት መቅጠርን ሕጉ ራሱ ከልክሏል፤ ለደቡቡ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ሥራው ለብዙ ሰው እንዲዳረስ አንዱ ፈረቃ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ሠራተኛው ከሥራ መልስ ሙያና ንባብ የሚማርበት ጊዜ አገኘ። የግድቡን ውበት የነደፈው ከሀንጋሪ የመጣው አርክቴክት ሮላንድ ዋንክ ነው። ጌጥ የሌለበት፣ የሚሠራውን ሥራ በቅርጹ የሚናገር ሕንጻ በመሆኑ እስካሁን የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ይጠቅሱታል።

ይህ የሚያኮራው ገጽ ነው። ሌላውን ገጽ ስናነብ ግን ሚዛኑ ይከብዳል። ለኖሪስ ሐይቅና በዙሪያው ላለው ጥበቃ ባለሥልጣኑ 62,000 ሄክታር ያህል መሬት ገዛ፤ 3,000 ገደማ ቤተሰቦች ተነሡ። የተገዛውም ውሃ የሚተኛበት ብቻ አልነበረም፤ የሐይቁን ዳር ለመከላከል ተብሎ ሰፊ የኮረብታ መሬት አብሮ ተወሰደ። ዋጋውን ባለሥልጣኑ ራሱ ይገምታል፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፤ «ይህ ነው ዋጋው፤ ትቀበላለህ ወይስ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ?» የሚል አሠራር ነበር። የአሠራሩ ጠበቆች «ብልጥ ብዙ፣ የዋህ ጥቂት እንዳያገኝ ያደረገ ፍትሐዊ ዘዴ ነው» ይላሉ። እውነትም በውስጡ ፍትሕ አለው። ነገር ግን የመሬት ዋጋ በድቀቱ ምክንያት በወደቀበት ዘመን የተከፈለ ካሣ፣ ሁሉም ተነሺ በአንድ ጊዜ መሬት ሊገዛ በሚሯሯጥበት አካባቢ ያንኑ የሚያህል ለም መሬት እንደማይገዛ ግልጽ ነው። የወንዝ ዳር ደለል የለቀቀው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ዳገት ላይ ወጣ።

ለመሬት ባለቤቱ ቢያንስ ዋጋ ነበረው። የእኩል አራሹና የጭሰኛው ነገር ግን የተለየ ነው። በስሙ የተጻፈ መሬት ስለሌለው የሚሸጠው አልነበረም፤ ስለዚህ የሚከፈለውም የለም። ባለርስቱ ቼኩን ተቀብሎ ሲሄድ ጭሰኛው ድስቱንና በሬውን ይዞ ሌላ ጌታ ፍለጋ ይወጣል። ባለሥልጣኑ የማስፈር ሥራውን በአብዛኛው ለዩኒቨርሲቲው የእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ትቶት ነበር፤ እነዚህም ከዱሮም ቢሆን የሚያውቁት ደኅና መሬት ያለውን ገበሬ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ፊሊፕ ሴልዝኒክ በ1949 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ «ከሥር ከሕዝቡ የተነሣ ዴሞክራሲ» የተባለው አሠራር በተግባር ከአካባቢው ባለጉልበቶች ጋር የተደረገ ስምምነት ነበር። ሊሊየንታል ግን ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በጻፈው መጽሐፍ ዴሞክራሲ በሸለቆው እየገሠገሠ ነው ብሎ ነበር። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። እኔ ሁለቱን አነጻጽሬ ስመለከት ሴልዝኒክ ያመዝንብኛል፤ የሊሊየንታል መጽሐፍ ግን በብዙ አገር የተነበበውና ሐሳቡን ለዓለም ያስተዋወቀው ነው።

ከመቃብሩ ላይ ጥቂት ልቆይ። ውሃው ከመተኛቱ በፊት በኖሪስ አካባቢ ከ5,000 በላይ መቃብሮች ተከፍተው አጽማቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ባለሥልጣኑ ሥራውን በጥንቃቄ ሠርቶታል፤ የቅርብ ዘመድ ይጠየቃል፣ ቦታ ይመርጣል፣ የመቃብሩ ቁጥር ይመዘገባል። በዚያ አገር እያንዳንዱ ጎሣና ቤተ ክርስቲያን የየራሱ መካነ መቃብር ነበረው፤ በየዓመቱ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መቃብሩን ያጸዳል፣ ምግብ ይቆራረሳል፣ ዝክር ከማለት የማይርቅ ነገር ያደርጋል። አጽሙ ተዛወረ እንጂ ይህን የሚያደርገው ማኅበር አልተዛወረም፤ ሰዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። በስደት የምንኖር፣ ሬሳችንን በአውሮፕላን ለመላክ እቁብና መዋጮ የምንሰበስብ ሰዎች ይህን ነገር ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

ከሰመጡት መንደሮች አንዷ ሎይስተን ትባላለች። የሕፃናትን የፋብሪካ ሥራ በፎቶግራፍ በማጋለጥ የታወቀው ሉዊስ ሃይን በ1933 በባለሥልጣኑ ተቀጥሮ የአካባቢውን ሕዝብ ኑሮ አንሥቷል። ዓላማው «ኋላ ቀርነቱን» ለማሳየት ነበር፤ ፎቶግራፎቹን ዛሬ የሚመለከት ሰው ግን የሚያየው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችና ወንበር ላይ የተቀመጡ ክብር ያላቸው ሽማግሌዎች ነው። መንደሯ የነበረችበት የሐይቁ ሰፊ ክፍል አሁን «የሎይስተን ባሕር» እየተባለ ይጠራል።

የጥቁሮቹን ጉዳይ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ለግድቡ ሠራተኞች የተሠራችው አዲሲቱ የኖሪስ ከተማ፣ ኤሌክትሪክና የጋራ አጸድ ያላት አርአያ መንደር፣ ለጥቁሮች ዝግ ነበረች። በግድቦቹ ላይ ጥቁሮች ይቀጠሩ ነበር፤ ግን በጉልበት ሥራ ብቻ ተወስነው። የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረው ማኅበር ጉዳዩን እንዲያጣሩ ጆን ዴቪስንና ቻርልስ ሂውስተንን ልኮ የእነርሱ ጽሑፍ በ1934 በማኅበሩ መጽሔት ታትሟል። ሸለቆውን ማደስ ማለት የነጩን ሸለቆ ማደስ ማለት ሆኗል የሚል ነበር ክሳቸው። መንግሥት በራሱ ገንዘብ፣ በባዶ መሬት ላይ፣ ከምንም ተነሥቶ በሠራው ከተማ የዱሮውን የዘር ልዩነት እንደገና መሥራቱ ለአካባቢው ልማድ መገዛት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ኮረብታው እንውጣ። በ1933 መጋቢት የተቋቋመው የሲቪል ጥበቃ ጓድ እስከ 1942 ድረስ በመላ አገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ወጣቶችን አሠርቷል። አንድ ወጣት በወር 30 ዶላር ያገኛል፤ አብዛኛውን፣ 25 ዶላር ያህሉን፣ ለቤተሰቡ ይልካል። በቴነሲ ሸለቆ እነዚህ ወጣቶች በባለሥልጣኑ ችግኝ ጣቢያ የፈሉትን ጥዶች በተቦረቦረው ዳገት ላይ ተከሉ፣ በየፈፋው ክትር ሠሩ፣ ከፊሎቹም በ1934 በተመሠረተው በታላቁ ስሞኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መንገድና ድልድይ አነጹ። ለገበሬው ደግሞ ከማስል ሾልስ ፋብሪካ የወጣ የፎስፌት ማዳበሪያ ይሰጠው ነበር፤ በምትኩ ዳገቱን በቆሎ ከመዝራት ተቆጥቦ ሣርና ጥራጥሬ ያለብሰዋል፣ እርከን ያበጃል፣ ማሳው ለጎረቤት መማሪያ ይሆናል። ለፈንጂ የታሰበው ፋብሪካ ለማዳበሪያ ዋለ። ከሁሉም ፕሮግራሞች ጉዳት የሌለበት ማለት የሚቻለው ይህ ነው እላለሁ፤ ማንንም ከቤቱ አላስወጣም፣ የገበሬውንም እጅ ከአፈሩ አልለየም። ዛሬ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ኮረብታ ብዙው የዚያ ዘመን የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ጎብኚው ግን የተፈጥሮ ደን ይመስለዋል።

ወባው ደግሞ በውሃው ራሱ ተሸነፈ። ብዙዎች ሐይቆቹ የትንኝ መራቢያ ይሆናሉ ብለው ፈርተው ነበር፤ ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። መሐንዲሶቹ በመራቢያው ወቅት የሐይቁን ከፍታ በየሳምንቱ ጥቂት ከፍና ዝቅ በማድረግ እጩ ትንኞቹ በዳርቻው ሣር ውስጥ እንዳይጠለሉ አደረጉ። ይህ ከዳርቻ ጽዳትና ከሌሎች እርምጃዎች ጋር ተደምሮ በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ወባ ከሸለቆው ጠፋ። እንዲህ ያለ ትርፍ በገንዘብ አይተመንም።

መብራቱ በቶሎ ደረሰ። በሚሲሲፒ የምትገኘው ቱፔሎ በየካቲት 1934 ከባለሥልጣኑ ኤሌክትሪክ የገዛች የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። የግል ኩባንያዎቹ ዝም ብለው አልተመለከቱም። በዌንደል ዊልኪ መሪነት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ በ1936 መንግሥት ከግድቡ የሚያገኘውን ኤሌክትሪክ መሸጥ ይችላል ብሎ ፈረደ። በ1939 የዊልኪ ድርጅት የቴነሲ ኩባንያውን በ78.6 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ወጣ። በ1935 የተቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር ይህንኑ ሥራ በመላ አገሪቱ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ተያያዘው፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከመቶ 10 ያህል የአሜሪካ እርሻዎች ብቻ የነበራቸው መብራት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ 90 ያህሉን አዳረሰ። ለገጠር ሴት ይህ ማለት ውሃ ከጉድጓድ መቅዳትና ልብስ በእጅ ማጠብ ቀረ ማለት ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የፕሮግራሙም ጠባይ ተለወጠ። በ1942 ባለሥልጣኑ 12 የውሃ ኃይል ፕሮጀክቶችን በአንድ ጊዜ ይገነባ ነበር፤ ሠራተኞቹ 28,000 ደረሱ። 146 ሜትር የሚረዝመው የፎንታና ግድብ በሌትና ቀን ሥራ በ1944 ተፈጸመ። ለድሃው ገበሬ ተብሎ የተጀመረው ኃይል ወደ አሉሚኒየም ፋብሪካና ወደ ኦክ ሪጅ ፈሰሰ። ኦክ ሪጅ የአቶም ቦምብ ዩራኒየም የተጣራባት፣ በ1942 በምሥጢር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ለእርሷም 3,000 ያህል ሰው ተነሣ፤ ከእነዚህ መካከል ከኖሪስ ተነሥተው እዚያ የሰፈሩ ቤተሰቦች ነበሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ! ባለሥልጣኑ በዚያ ዘመን የገነባቸውን ግድቦች ሁሉ ብንደምር የተነሡት ቤተሰቦች ከ15,000 አያንሱም።

ስለ ጥቅሙ የተጻፈው ብዙ ነው። ኤኮኖሚስቶቹ ፓትሪክ ክላይንና ኤንሪኮ ሞሬቲ በ2014 ባሳተሙት ጥናት የፋብሪካ ሥራ በሸለቆው የመንግሥት ድጎማ ካቆመ በኋላም እያደገ ሲቀጥል የእርሻው ጭማሪ ግን ተመልሶ እንደ ጠፋ አሳይተዋል። ይህ ውጤት ሊያስገርመን አይገባም። ለሙ የወንዝ ዳር መሬት ከውሃ በታች ነውና። የጎርፍ መከላከያው ትልቁ ተጠቃሚ ከታች ያለችው የቻተኑጋ ከተማ ናት፤ እርሷን ከአልፎ አልፎ ጎርፍ ለማዳን ከላይ ያሉት ሸለቆዎች ለዘለዓለም ተጥለቀለቁ። በ1979 ደግሞ ባለሥልጣኑ የቴሊኮን ግድብ ሲዘጋ ቾታና ታናሲ የተባሉት ጥንታዊ የቼሮኪ ሕንዶች ከተሞች ስፍራ ሰመጠ። ቴነሲ የሚለው ስም የመጣው ከታናሲ ነው። ቼሮኪዎቹ ራሳቸው በ1838 በወታደር ተገድደው ወደ ምዕራብ ተሰደዋል። በ1930ዎቹ ከኖሪስ የተነሣው ገበሬ እንግዲህ ከዚያ ሸለቆ የተነሣ የመጀመሪያው ሰው አይደለም።

ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ እንዴት እኛ ዘንድ እንደ ደረሰ ባጭሩ ልጠቁም። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ለዓለም ካቀረበቻቸው የልማት አርአያዎች የቴነሲው ዋነኛው ነበር። ሕንድ በ1948 የዳሞዳር ሸለቆን ድርጅት በዚሁ መልክ አቋቋመች፤ ሊሊየንታልም በኋላ የኢራንን የኹዜስታን ልማት መርቷል። በአገራችን ከ1958 ጀምሮ የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ የዓባይን ተፋሰስ ሲያጠና ቆይቶ ውጤቱን በ1964 አቀረበ፤ በዚያ ጥናት ከተጠቆሙት የግድብ ስፍራዎች አንዱ በድንበሩ አጠገብ የነበረው ሲሆን፣ በ2011 የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ የተጀመረው በዚያው አካባቢ ነው። በ1962 የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ግን ከስሙ ጀምሮ የቴነሲው ቅጂ ነው። የቆቃ ግድብ ከሁለት ዓመት በፊት በኢጣልያ የጦር ካሣ ተሠርቶ ነበር። በታችኛው አዋሽ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ አለማ፤ በላይኛውም የሆላንዱ ኩባንያ ሸንኮራ ያመርት ነበር።

ከቴነሲው ሥራ ወደ አዋሽ የተሻገረው ምንድን ነው? ባለሥልጣኑ ተሻገረ፣ ግድቡ ተሻገረ፣ ካርታው ተሻገረ። የገበሬው የማዳበሪያ ማሳና የኅብረት ሥራው ማኅበር ግን አልተሻገሩም። አፋሩ እንደ ኖሪስ ጭሰኛ በስሙ የተጻፈ መሬት አልነበረውም፤ በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት የወንዝ ዳር ግጦሽ በሕጉ ዓይን የመንግሥት መሬት ነበር። ግጦሹ ለጥጥና ለሸንኮራ ሲታጠር ከብቱ በደረቅ ወራት የሚሸሽበት ቦታ አጣ፤ በ1972 እና በ1974 መካከል ድርቁ ሲመጣ ከሁሉ የከፋ እልቂት ከደረሰባቸው ሕዝቦች አንዱ አፋር ሆነ። ጥፋቱ ሁሉ የእርሻ ልማቱ ነው አልልም፤ ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው። ዝናብ ሲቀር የሚኬድበት ቦታ አስቀድሞ መወሰዱም እንዲሁ እውነት ነው።

በ1975 የመሬቱ አዋጅ ሲታወጅ እርሻዎቹ ተወርሰው የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ ሱልጣን አሊሚራህ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዱ። ኩባንያው ሄደ እንጂ አጥሩ አልተነሣም። በ2000ዎቹ ዓመታት በዚያው በተንዳሆ፣ ለሸንኮራ ልማት፣ አዲስ ግድብ ተሠራ፤ ውሃው የተኛበትም የአፋር ግጦሽ ነበር።